መልስ፦ ፕሪየስህ ቤንዚን መብላት ከጀመረ

ሰላም ወንድሜ። የ2012 ፕሪየስህ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄደው ሃይብሪድ መኪናህ) በጋሎን 48 ማይል ይሄድ እንደነበርና አሁን 39 ላይ እንደወረደ ጽፈሃል፤ ትልቁ ባትሪ አልቆ ይሆን ብለህም ሰግተሃል። ለባትሪው ገና አትቸኩል። ብርድ ሲሆን የቤንዚን ሞተሩ ለመሞቅም ለሂተሩም ሲል ቶሎ ቶሎ ስለሚነሳ ትንሽ መብላቱ ያለ ነው።

መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ አስለካ። ከዚያ ወደ ፍሬኑ ሂድ። ሃይብሪድ ፍሬን ሲያዝ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የኤሌክትሪኩ ሞተር ስለሆነ ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ሥራ ፈትቶ ይዝጋል፤ ከዚያ ጎማውን አልለቅ ብሎ ይይዛል። ጥቂት ነድተህ አቁምና እጅህን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋ፣ እንዳትነካ ብቻ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ነዳጅህን የሚበላው እሱ ነው።

የኋላ ወንበር ጎን በተሳፋሪው በኩል ያለችውን የአየር ማስገቢያም እይ። ብዙ ሰው ጃኬት ይጥልባታል! ውስጧ ያለው ፋን አቧራ ከጠገበ ባትሪው ይግላል፣ ኮምፒውተሩም ጉልበቱን ይቀንስበታል፤ ሸክሙ ቤንዚኑ ላይ ይወድቃል።

ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ የባትሪው መለኪያ በደቂቃዎች ውስጥ ሞልቶ ወዲያው የሚወርድ ከሆነ ያኔ ባትሪውን ጠርጥር። ባትሪው የተከፋፈለባቸውን 14 ብሎኮች እየነዳህ በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው መሣሪያ) አስለካ። አንዱ ብቻ ቮልቴጁ ወርዶ ከተገኘ ጥርጣሬህ ልክ ነው።