«ዛንዚባር ሄጄ መሥራት እፈልጋለሁ» ላልሽኝ

እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። በቱሪዝም ማኔጅመንት ተመርቀሻል፣ ሐዋሳ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ሁለት ዓመት ሠርተሻል፣ አሁን ዛንዚባር ውስጥ ተፈጥሮን የማይጎዳ ሎጅ መቀጠር ትፈልጊያለሽ። ማስተርስ ልማር ወይስ ሲቪዬን ልበትን ነው ጥያቄሽ።

ማስተርሱ ይቆይ። ሲቪውም ትንሽ ይቆይ።

የማያስደስትሽን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። የወደድሽው ነገር ራሱ በሩን ያጠብብሻል። ቹምቤን እንይ። ከዛንዚባር አሮጌ ከተማ ከስቶን ታውን በስተደቡብ በጀልባ የሚደረስባትና አንቺ የምትፈልጊው ዓይነት ሎጅ ያለባት ትንሽ ደሴት ናት፣ 22 ሄክታር ገደማ ብትሆን ነው። እዚያ ያለው ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ባሕር ውስጥ የሚገነቡት ድንጋይ መሰል ነገር) ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓሣ የማይጠመድበት ጥብቅ ክልል ነው። የሚጠብቁት እነማን መሰሉሽ? ሠልጥነው ሬንጀር የሆኑ የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች! ዓሣው እዚህ ሳይነካ ከተራባ ወጥቶ ወደ መረባችሁ ይመጣል ብለው ለሌሎቹ አጥማጆች የሚያስረዱትም እነሱ ናቸው። የሎጁም ሥራ በቅድሚያ ለዛንዚባር ልጆች ነው። ስለዚህ ሪሴፕሽኒስት ከኢትዮጵያ አያስመጡም፣ ማስመጣትም የለባቸውም ባይ ነኝ።

አንቺ ይዘሽ መሄድ ያለብሽ እንግዳ የማያየውን ሥራ ነው። ቹምቤ ላይ ያሉት ሰባት ጎጆዎች ብቻ ናቸው። የዝናቡን ውሃ ከጣሪያ ሰብስበው ወለሉ ሥር ያጠራቅማሉ፣ መብራቱ ከሶላር ነው፣ ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም፣ ቆሻሻው እዚያው ይብላላል፣ የመታጠቢያው ፍሳሽ ደግሞ ተክል በተተከለበት መደብ ውስጥ አልፎ ይጣራል። ይሄ ሁሉ ልፋት የመጣው ከመሬቱ ነው። ደሴቲቱ ራሷ ቀዳዳ የበዛበት የኮራል ድንጋይ ስለሆነች ዛሬ ያፈሰስሽው ነገር ሰርጎ ባሕር ይገባል፣ ፍሳሽ ሲበዛ ውሃው ውስጥ አልጌ (ዋቅላሚ) ይፋፋና ኮራሉን ያፍነዋል።

ይሄንን ለመማር ዛንዚባር መድረስ አያስፈልግሽም። ሥራ አስኪያጅሽን አስፈቅጂና በየጠዋቱ የውሃ ቆጣሪውን አንብበሽ ባደሩት እንግዶች ብዛት አካፍዪ። ከኩሽና የሚጣለውን ምግብ መዝኚ። ፍሳሹ የት እንደሚሄድ የጥገና ሠራተኛውን ጠይቂው፣ ሐይቁ አጠገባችሁ ነው እኮ። ሦስት ወር መዝግቢ፣ ከዚያ አንድ ነገር አስቀይሪና ቁጥሩ ምን ያህል እንደወረደ አሳዪ። እኔ ቀጣሪ ብሆን ከዲግሪሽ በፊት የማነበው እሱን ነው።

ጎን ለጎን ስዋሂሊ ጀምሪ። እንግሊዝኛ ከእንግዳው ጋር ያግባባሻል፣ ከሠራተኛው ጋር ግን ስዋሂሊ ነው።

ስታመለክቺ አንቺም ጠይቂያቸው፦ ፍሳሻችሁ የት ይገባል? ከኃላፊዎቻችሁ ስንቱ የዛንዚባር ሰው ነው? ፎጣ ደጋግማችሁ ተጠቀሙ የሚል ካርድ መታጠቢያ ቤት ለጥፎ ራሱን አረንጓዴ የሚል ሆቴል ሞልቷል፣ እንዳትሸወጂ። የሥራ ፈቃዱን ማን እንደሚጨርስና ወጪውን ማን እንደሚችል ደግሞ ከመሄድሽ በፊት በጽሑፍ ይስጡሽ፣ ሥራ አስገባሻለሁ ብሎ ቀድሞ ገንዘብ ለሚጠይቅሽ ደላላ አንድ ብር እንዳትልኪ።

የመጀመሪያውን ወር ቁጥር ስትይዢ ላኪልኝ፣ ሲቪው ላይ እንዴት እንደምናሰፍረው አብረን እናያለን።