መዘግየቱ የሚጠቅመው ማንን ነው?

ውድ ልጆቼ፣

በብሪታንያ የኤሌክትሪክ ገበያ ውስጥ፣ ሂሳብ በማወራረድ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ብዙ የሚወራለት ሙያ አይደለም። ግን ኢኮኖሚክስ፣ ምህንድስና ወይም ሕግ ለምታጠኑ ልጆች የሚሆን አንድ ነገር አስተምሮኛል። አንድ ማሻሻያ ሲጓተት ሰነፉን ከመፈለጋችሁ በፊት፣ መጓተቱ ማንን እንደጠቀመ ጠይቁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። እዚህ አገር ኤሌክትሪክ የሚሸጡልን ኩባንያዎች ኃይሉን በጅምላ ነው የሚገዙት። ሂሳቡ የሚወራረደው በየግማሽ ሰዓቱ፣ በቀን 48 ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው አመሻሽ ላይ ይወደዳል፣ ሌሊት ይረክሳል። የድሮው የቤት ቆጣሪ ግን አልፎ አልፎ ነው የሚነበበው። ስንት እንደፈጃችሁ ይናገራል፤ በስንት ሰዓት እንደፈጃችሁ አያውቅም። ስለዚህ የሻጩ ሂሳብ በግምት ይሠራል። እንደናንተ ያለ ቤት በአማካይ በዚህ ሰዓት ይህን ያህል ይጠቀማል ተብሎ ይከፋፈላል።

ሁለት ጎረቤታሞችን አስቡ። አንዷ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ምድጃውንም ልብስ ማጠቢያውንም ከፍታ፣ መኪናዋንም ቻርጅ ላይ ትሰካለች። ሌላዋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ትጠብቃለች። የዓመት ፍጆታቸው እኩል ከሆነ፣ በግምቱ አሠራር ሁለቱም በሻጮቻቸው ላይ የሚያስከትሉት ወጪ እኩል ነው። አብረው በልተው ሂሳቡን እኩል እንደሚካፈሉ ሰዎች፣ ሽሮ ያዘዘው ለክትፎው ያዋጣል። ሻጩም ደንበኛውን "ሌሊት ተጠቀምና ላርክስልህ" የሚልበት ምክንያት ያንሰዋል።

የብሪታንያ የኃይል ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኦፍጄም ይህ ግምት ቀርቶ ሁሉም ቆጣሪ ወደ ግማሽ ሰዓት አሠራር እንዲገባ በ2021 ወሰነ። ጥቅሙንም እስከ 2045 ድረስ ከ1.6 እስከ 4.5 ቢሊዮን ፓውንድ ገመተው። በኦክቶበር 2025 ያልቃል የተባለው ሥራ ግን ደንበኞችን ወደ አዲሱ አሠራር ማዛወር የጀመረው ራሱ በዚያ ወር ነው። አሁን መጨረሻው ሜይ 2027 ሆኗል።

የዘገየበት ምክንያት ብዙ ነው። ሲስተም መገንባትና መፈተሽ የዋዛ ሥራ አይደለም፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ግን ደግሞ ደንበኞቹ አመሻሽ ላይ አብዝተው የሚጠቀሙበትን ሻጭ ተመልከቱ። እውነተኛው ንባብ ሲመጣ ወጪው ይጨምራል። እስከዚያ ድረስ የእሱን ክፍያ ሌሎች ይጋሩለታል። ይህ ሻጭ ዛሬ ነገ ቢል ይገርማችኋል?

ከዚህ በፊትም አይተነዋል። ትልልቅ ለሆኑ የንግድ ደንበኞች የግማሽ ሰዓት ንባብ የሚይዝ ቆጣሪ ማስገባት ከ2014 ጀምሮ በሻጮች የሥራ ፈቃድ ላይ የተጣለ ግዴታ ነበር። ቆጣሪው ግድግዳ ላይ ሆኖ በየግማሽ ሰዓቱ ይመዘግባል፤ ሂሳቡ ግን ያኔም በግምት! ይህን ለማስቀረት የወጣው ፒ272 የተባለው ማሻሻያ ለኤፕሪል 2016 ተቀጥሮ ወደ ኤፕሪል 2017 ተገፋ። መሣሪያው ተሟልቶም ይዘገያል ማለት ነው።

እንግዲህ ሻጩን ምን ያነቃዋል? ሕጉ ኦፍጄም ከኩባንያው ገቢ እስከ 10 በመቶ እንዲቀጣ ይፈቅድለታል። ቅጣቱ ያስፈራል፤ ግን የሚመጣው ከረጅም ምርመራና ክርክር በኋላ ነው። እኔ ይበልጥ የማምነው ቶሎ የሚሰማውን ነው። በገበያው ደንብ ውስጥ ከደረጃ በታች የሠራ ሻጭ የሚከፍለው ክፍያ አለ፤ ገንዘቡም ለሌሎቹ የገበያው ተሳታፊዎች ይከፋፈላል። ክፍያው ለተፎካካሪ ሲሄድ የቦርድ አባላት ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይከብዳቸዋል። ያልተዘጋጀ ሻጭ አዲስ ደንበኛ እንዳይመዘግብ መከልከልም እንዲሁ ነው። የሽያጭ ክፍሉ ራሱ የኮምፒውተር ክፍሉን መወትወት ይጀምራል።

ቅጣት ስታረቅቁ ግን ተጠንቀቁ። የተዛወረ ቆጣሪ ብቻ ከቆጠራችሁ ሻጩ ቀላል ቀላሉን ቶሎ ያዛውርና አስቸጋሪውን ወደ ኋላ ይተወዋል። በጥድፊያ የገባ የተሳሳተ መረጃም አለ፤ እሱን ማጥራት ከመዘግየቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል። ስለዚህ ስንት ተዛወረ ከሚለው ጋር፣ ከተዛወሩት ስንቶቹ እውነተኛ ንባብ እየላኩ ነው የሚለውም አብሮ ይለካ።

በአገራችን በኢትዮጵያ ለየቤቱ ኤሌክትሪክ የሚሸጠው ድርጅት አንድ ስለሆነ፣ በሻጮች መካከል እንዲህ ያለ ማወራረድ የለም። ቀነ ገደብ ግን እዚያም ይወጣል፣ እዚያም ይገፋል፤ ጥያቄው ይሠራላችኋል።

ከእናንተ ውስጥ በዚህ ዘርፍ ሥራ የምትጀምሩ ካላችሁ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የዝውውር ሪፖርቱን ጠይቁ። ጠቅላላ ቁጥሩን እለፉትና ያልተዛወሩት ቆጣሪዎች የማን እንደሆኑ ተመልከቱ። ሲግናል በማይደርስበት ምድር ቤት ያለ ቆጣሪ፣ የተከራይ ቤት፣ ንባቡን ራሱ የሚልከውን ስማርት ቆጣሪ ያላስገቡ አዛውንት። የእነሱን ነገር የያዘው ማን እንደሆነ በስም ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።