ፋብሪካው ሲሰፋ ለሞተር ጠምጣሚ ቦታ ይኖረዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የተቃጠለ ሞተር እየጠመጠምኩ ነው የምኖረው፤ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አሁን አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ፋብሪካ ሊስፋፋ ነው፣ ብዙ ሰው ይቀጥራል እየተባለ ነው። ጓደኞቼ ግን «እዚያ የሚጠመጥመው ማሽን ነው፣ አንተ ምን ልትሠራ ነው?» ይሉኛል። ላመልክት ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ አመልክት። ጓደኞችህም ግን ዝም ብለው አላወሩም። ትንንሽ ሞተር በብዛት ሲመረት ሽቦውን የሚጠመጥመው ማሽን ነው፤ አንድ ሰው ብዙ ማሽን ስለሚቆጣጠር ምርቱ እጥፍ ሲሆን ሠራተኛውም እጥፍ ይሆናል ብለህ አትጠብቅ። ትልልቁ፣ በተለይ በትእዛዝ የሚሠራው ሞተር ሌላ ነው። የሽቦውን ጥቅል ማሽን ቢያዘጋጀውም ስታተሩ (የማይዞረው የሞተሩ ክፍል) ውስጥ የሚከተው፣ ጫፎቹን የሚያገናኘውና በክር የሚያስረው በአብዛኛው የሰው እጅ ነው። ስለዚህ «ስንት ሰው ትቀጥራላችሁ?» ከማለትህ በፊት «የሚሰፋው የትኛው መስመር ነው?» በል።

እኔ ብሆን ግን ዓይኔን የምጥለው ፍተሻ ክፍሉ ላይ ነው። የመዳብ ሽቦው ላይ ያለው ሽፋን እንዴት ስስ እንደሆነ ታውቃለህ። ሽቦው ሲገባ የስታተሩ ላሜራ ጠርዝ ትንሽ ከፋቀው በዓይን ላይታይ ይችላል፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ ሲፈተሽ ነው የሚጋለጠው፣ ፍተሻውን ካለፈ ደግሞ አንድ ቀን ደንበኛው ጋ ይቃጠላል። ያንን ሞተር ፈትቶ የሚያየው ማነው? አንተ! በስታር የተገናኘ (የሦስቱ ፌዝ ጥቅሎች አንድ አንድ ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ የታሰረ) ሞተር ሁለቱ ፌዝ ከስሎ አንዱ ንጹሕ ሆኖ ስታገኘው አንዱ የኤሌክትሪክ መስመር እንደተቋረጠበት ወዲያው ትለያለህ፤ ስታተሩ ውስጥ የሮተር (የሚዞረው ክፍል) ጭረት ካየህ እጅህ መጀመሪያ የሚሄደው ኩችኔታው ላይ ነው። ከትምህርት ቤት በቀጥታ የገባ ልጅ ይህን ገና ሊያየው ነው። ማሽን ጥገናና ቶርኖ ቤትም ሰው ይፈልጋሉ፣ እሱ ግን ሌላ ሙያ ነው።

ደግሞ ወሬ ሰምተህ ሥራህን እንዳትለቅ! ማስፋፊያ ሲባል መጀመሪያ ሥራ የሚያገኘው ግንበኛው ነው፤ ከዚያ ማሽን ይተከላል፣ ይሞከራል፣ ለምርት ሰው በብዛት የሚፈለገው ከዚያ ወዲህ ነው። እስከዚያ አንድ ደብተር ያዝ። የምትፈታውን እያንዳንዱን ሞተር ፈረስ ጉልበቱን፣ የሽቦውን ውፍረት፣ የዙሩን ብዛትና ያቃጠለውን ምክንያት ጻፍበት፣ ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ ከማስረጃህ ጋር ይዘኸው ግባ።