ማንም ሳይነካው የሚነሳው ሞተር

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ብቆይ ይቅር በሉኝ፤ ጥፋቱን እኔም ስለሠራሁት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። አባቴ ጣና ዳር ማንጎና ቲማቲም አለው። ውሃውን ከሐይቁ በ2 የፈረስ ጉልበት ሞተር እንስባለን። ቤት ሆነን እንድናስነሳው ብዬ ኢኤስፒ32 በምትባል፣ ዋይፋይ ባላት ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ገጽ ሠራሁለት። በስልክ ሲከፈት «አብራ» እና «አጥፋ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉት። ጠዋት ማሳ የምሄደው እኔ ነኝ። ማታ አባቴ በስልኩ ያበራል፣ እኔ ውሃው ሲበቃ በስልኬ አጠፋለሁ። ችግሩ፣ አንዳንድ ቀን ጠዋት ሞተሩ ራሱን ችሎ ይነሳል። ጎረቤት ዋይፋያችን ውስጥ የገባ መስሎኝ ፓስዎርዱን ሁለቴ ቀየርኩ። አባቴን እንዳልጠረጥር፣ ባለፈው ሲነሳ እሱ ቤት ቁጭ ብሎ በስልኩ ስንክሳር እያነበበ ነበር። ጭራሽ ጠበል ርጭበት አለኝ። ምን ይሻላል? ደግሞ ከከተማ ስወጣ በሲም ኢንተርኔት ላዝዘው እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ጠበሉን ተጠመቅበት እንጂ 220 ቮልት ያለበት ሳጥን ላይ እንዳትረጨው። ጎረቤትህንም በሆድህ ይቅርታ ጠይቀው። ሞተሩን የሚያስነሳው ስንክሳሩ የሚነበብበት ስልክ ነው።

የላክልኝን ኮድ አየሁት። «አብራ» ያልካት ቁልፍ ተራ ሊንክ ናት። ስትነካ ብራውዘሩ ከቦርዱ አድራሻ ኋላ «ኦን» የሚል ቃል ጨምሮ ያንን ገጽ ይከፍታል። ቦርዱ ደግሞ ገጹ በመከፈቱ ብቻ ሪሌውን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዘውን ማብሪያ ማጥፊያ፣ ይስባል። ማታ አባትህ አበራ፤ ስልኩ እዚያው «ኦን» የሚለው ገጽ ላይ ቀረ። አንተ በራስህ ስልክ አጠፋህ። የእሱ ስልክ ይህን አያውቅም። ጠዋት ስንክሳሩን ሊያነብ ብራውዘሩን ሲከፍት፣ ስልኩ የማታውን ገጽ እንደገና ከቦርዱ ይጠይቃል። ቦርዱ «አብራ ተባልኩ» ብሎ ያበራል። አንዳንድ ቀን ብቻ የሚሆነውም ስልኩ ገጹን ሁልጊዜ ከባዶ ስለማይጭነው ነው።

እኔ ግሽ አባይ ባለችው ሱቄ አምፖል ላይ ይኸው ደርሶብኛል። ሌሊት ሌሊት ይበራል። ቦርዱን ለሸጠልኝ ልጅ «የተበላሸ ነው» ብዬ መለስኩለት፣ ተጣላንም። ሌላ ቦርድ ሰጠኝ፤ እሱም ያው። ጥፋቱ የኔ መሆኑ የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ቡና ጋብዤ ታረቅን።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ብራውዘር ገጽ ሲጠይቅ ሁለት መንገድ አለው፤ «ጌት» እና «ፖስት»። ጌት ለማየት ነው። ብራውዘሩ ደስ ባለው ሰዓት ይደጋግመዋል፣ አንዳንዴ አድራሻውን ጽፈህ ሳትጨርስ ቀድሞ ይከፍተዋል። ፖስት ግን አንድ ነገር አድርግልኝ ለማለት ነው፤ ሳይነካ አይላክም፣ ሊደገም ሲልም ስልኩ መጀመሪያ ይጠይቅሃል። ቦርዱ ውስጥ ገጹን የሚያቀርበው ፕሮግራም (ሰርቨሩ) ላይ «ኦን» የሚለውን አድራሻ ስታስመዘግብ የትኛውን እንደሚቀበል አልነገርከውም። ካልነገርከው ሁሉንም ይቀበላል። ፖስት ብቻ በለው። ሊንኮቹን ወደ ፎርም ቁልፍ ቀይር። ትእዛዙን ከተቀበለ በኋላም ቦርዱ ስልኩን ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመልሰው፤ ያኔ ስልኩ ላይ የሚያድረው ምንም የማያዝ ገጽ ይሆናል።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ፤ ግን ኮድህ ውስጥ የባሰ ነገር አየሁ። ገጽህ «በርቷል» የሚለው አንተ ስለነካኸው ነው። ሞተሩን ማን ጠየቀው? ጣና ዳር ነህ፤ እምቦጩን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። የመምጠጫውን ቱቦ አፍ ከደፈነው ሞተሩ ይዞራል፣ ውሃ የለም። ገጹ ግን «በርቷል» እያለ ይስቃል። በደረቁ የሮጠ ፓምፕ ደግሞ ውሃ የሚይዝለትን ጎማ ያቃጥላል። ከሞተሩ በኋላ ቧንቧው ላይ ፍሎው ስዊች አስገባ። ውሃ ሲያልፍ ሁለት ሽቦ ያገናኛል፣ ሲቆም ይለያያል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ከዚያ ቦርዱ ላይ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ ሞተሩ ተነስቶ በ30 ሴኮንድ ውሃ ካልመጣ አጥፋ። ውሃ ቢኖርም ከ40 ደቂቃ በላይ አትሂድ። 40ውን ለማሳህ የሚበቃ ቁጥር አድርገው። ይህ ስልኩ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ ይኑር። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ ዋይፋይ ይቋረጣል፤ ማጥፊያው እነሱን መጠበቅ የለበትም።

ያቺን 10 አምፔር የተጻፈባትን ሰማያዊ ሪሌም ከሞተሩ ላይ አንሳት። 2 የፈረስ ጉልበት ሲሮጥ 10 አምፔር አካባቢ ነው፤ ሲነሳ ግን የዚያን ብዙ እጥፍ ይስባል። አንድ ቀን የሪሌዋ ብረት ተጣብቆ ይቀራል፣ ያኔ «አጥፋ» ብትል የሚሰማህ የለም። ሪሌዋ ኮንታክተር (ለሞተር የተሠራ ጠንካራ ሪሌ) ታስነሳ፣ ኮንታክተሩ ሞተሩን።

ስለ ሲሙ። በሞባይል ኢንተርኔት ላይ ያለ ቦርድን ከውጭ ሆነህ በአድራሻው ማግኘት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ ግንኙነቱን ቦርዱ ራሱ ይጀምር። ኤምኪውቲቲን ተጠቀም፤ ዕቃዎች አጫጭር መልእክት የሚለዋወጡበት ስልት ነው። አንዲ ስታንፎርድ-ክላርክና አርለን ኒፐር በ1999 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል የሠሩት ነው። ሳተላይት ውድ ስለነበረ መልእክቱ አጭር ነው፤ ለኛ ዳታም ይስማማል። ቦርድህና ስልክህ መሃል ላይ ካለ አንድ ሰርቨር ጋር ይገናኛሉ፣ መልእክት በሱ በኩል ይለዋወጣሉ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፤ ትእዛዝን «ሪቴይን» አድርገህ እንዳትልክ። ሪቴይን የተባለውን ሰርቨሩ ያስቀምጠዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቦርዱ ይነሳል፣ የትናንቱ «አብራ» ይጠብቀዋል። አባትህ ጠበሉን ይዞ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ከዘንዘልማ ነኝ። ልጄ ለትምህርት ደሴ ሳይሄድ በፊት ጫጩት መፈልፈያ ሠርቶልኝ ነበር። ሙቀቱን በስልኬ አያለሁ። ባለፈው እኩለ ሌሊት ስነቃ ስልኩን አየሁ፤ 37.6 ይላል። ተመልሼ ተኛሁ። ለካ መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ጠዋት እንቁላሉ በርዶ አገኘሁት። 12ኛ ቀኑ ነው። ስልኩ ለምን ዋሸኝ?

መልስ፦ አይዞዎት እህቴ። መጀመሪያ እንቁላሉን። ቶሎ አይጣሉት፤ ለጥቂት ሰዓት የበረደ ሁሉ አይሞትም። ሙቀቱን ወደ 37.5 ይመልሱና ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ በባትሪ ብርሃን ይዩት። ደም ሥሩ የሚታየውን መፈልፈያው ውስጥ ያቆዩት።

ስልኩ የነገረዎት የመጨረሻውን የሰማውን ነው። መብራቱ ሲጠፋ ቦርዱም ራውተሩም አብረው ጠፉ። አዲስ ቁጥር የሚልክ የለም፤ ስልኩም አሮጌውን ይዞ ቀረ። ለልጅዎ ይህን ያንብቡለት፦ ከቁጥሩ ጎን የተለካበት ሰዓት ይጻፍ። ገጹ ለ15 ሴኮንድ ከቦርዱ ምንም ካልሰማ ቁጥሩን ያጥፋና በቀይ «ቦርዱ አይሰማም» ይበል። ሴንሰሩም ሰማያዊዋ ዲኤችቲ11 ከሆነች ይቀይራት፤ እስከ 2 ዲግሪ ልትስት ትችላለች። ለክፍል ሙቀት ምንም አይደል፣ ለእንቁላል ግን ብዙ ነው። ነጯ ዲኤችቲ22 ትሻላለች።

ለእርስዎ ደግሞ ኢንተርኔት የማያስፈልገው ነገር አለኝ። ባለ 220 ቮልት ሪሌ፣ 9 ቮልት ባትሪና አንዲት ጩኸታም ቡዘር። መብራት ሲኖር ሪሌው ቡዘሯን ዝም ያሰኛታል፤ መብራት ሲሄድ ትጮኻለች። ሰፈር ያለ ማንኛውም ኤሌክትሪሺያን በአንድ ከሰዓት ይሠራልዎታል። አልጋዎ አጠገብ ያድርጓት።

ጥያቄ፦ ፖሊ ነው የምማረው። የአፈር እርጥበት ሴንሰሬ ብቻውን ጥሩ ያነባል። ዋይፋዩን ሳስነሳ ግን ቁጥሩ ገደል ይገባል። ሴንሰሩ የኢኤስፒ32 ፒን 26 ላይ ነው። ሁለት ሴንሰር ቀየርኩ።

መልስ፦ ሦስተኛውን አትግዛ። ኢኤስፒ32 ውስጥ ቮልቴጅ የሚለኩ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ ሁለተኛውን ዋይፋዩ ይወስደዋል። 26 ያለው እዚያ ነው። ሽቦውን ወደ 34 አዙረው። 34 የሚቀበል እንጂ የሚሰጥ ፒን አይደለም፤ ኋላ ኤልኢዲ ላብራበት ብለህ እንዳትደክም።