ከኢንቴል ወደ ራይዘን ለመቀየር

ወንድሜ፣ የኢንቴሉን ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን አንጎል) ኮር አይ5 8400ን አውጥተህ የኤኤምዲውን ራይዘን 5 5600 በዚያው ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ መግጠም ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። አይቻልም። ሶኬታቸው (ፕሮሰሰሩ የሚገባበት መሰኪያ) ፈጽሞ አይገናኝም። ለራይዘኑ ኤኤም4 የተባለው ሶኬት ያለው ቦርድ ትፈልጋለህ፤ ቢ550 የሚባለው ዓይነት ጥሩ ነው። ደስ የሚለው፣ ያለህ ዲዲአር4 ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ያገለግልሃል። ቀጣዩን ሶኬት፣ ኤኤም5 ያለውን ቦርድ ብትገዛ ግን ዲዲአር5 ራም ግድ ነው፤ በጀትህ ጠበብ ካለ አልመክርህም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ የአንተ ኢንቴል የራሱ ግራፊክስ (ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣ ክፍል) አለው፣ 5600 የለውም። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ከሌለህ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ያኔ የራሱ ግራፊክስ ያለውን 5600ጂን ውሰድ።

ከመፍታትህ በፊት ፋይሎችህን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ፣ አደራ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ከበራም የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ቦርዱ ሲቀየር ሊጠይቅህ ይችላል። ዊንዶውሱ እንዳለ ሊነሳ ይችላል፣ እኔ ግን ሁሌም ከባዶ ነው የምጭነው።