የልብ ሕመም ያለበት ሠራተኛ የመልቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተረካቢ ሆኜ ስሠራ 9 ዓመት ከ10 ወር ሆኖኛል። ደመወዜ 15,000 ብር ነው። የልብ ቫልቭ ጥበት እንዳለብኝ ከታወቀ ወዲህ ደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ። ሐኪሜም ከባድ ዕቃ እንዳላነሳና የሌሊት ፈረቃ እንዳልገባ ጽፎልኛል። ዘንድሮ 12 ቀን የሕመም ፈቃድ ወስጃለሁ። የሰው ኃይል ኃላፊው ጠርቶኝ፣ «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ ብለህ ጻፍ፤ የአንድ ወር ደመወዝ እንሰጥሃለን። በራሱ የለቀቀ ሰው በሕግ ምንም አያገኝም» አለኝ። ሥራውን ከእንግዲህ እንደማልችለው ልቤ ቢያውቅም መፈረሙን ፈርቻለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሥራውን መተው እንዳለብዎ ማመን ከባድ ውሳኔ ነው፤ እሱን ከሐኪምዎና ከቤተሰብዎ ጋር የሚጨርሱት ነው። እኔ የምለምንዎ ግን አሁን እንዳይፈርሙ ነው። የሚጎዳዎት መልቀቅዎ ሳይሆን የሚለቁበት ቀንና መንገድ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳዎ።

መጀመሪያ የኃላፊውን ቃል እናርመው። «በራሱ የለቀቀ ምንም አያገኝም» የሚለው ስህተት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 39 ለአንድ አሠሪ ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ውሉ በሕመም ቢቋረጥም፣ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ እንደሚያገኝ ይደነግጋል። የሚከለክለው ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ያለበትን ሰው ብቻ ነው። ስሌቱ በአንቀጽ 40 ላይ አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ ይጨመራል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። የእርስዎ የቀን ደመወዝ 500 ብር ነው ብንል ለመጀመሪያው ዓመት 15,000፣ ለቀሩት 9 ዓመታት በየዓመቱ 5,000 ይደርሳል። 10 ዓመት ሞልተው ቢወጡ ድምሩ 60,000 ብር ነው። የቀረበልዎ «የአንድ ወር ደመወዝ» የዚህ አንድ አራተኛ ነው።

ዋናው ነገር ግን የስንብት ክፍያው አይደለም፤ ጡረታው ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን የጤና ሁኔታ ባለማሟላቱ የተሰናበተ ሠራተኛ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ የጤና ጉድለት አበል ያገኛል። አበሉ በ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። አገልግሎቱ 10 ዓመት ያልሞላ ሰው ግን ዘላቂ አበል አያገኝም፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ያበቃል። እርስዎ ደግሞ የቀረዎት ሁለት ወር ነው! ዛሬ ቢፈርሙ የዕድሜ ልክ አበልዎን በሁለት ወር ልዩነት ያጡታል። 10 ዓመት ሞልቶልዎት «በገዛ ፈቃዴ» ብለው ቢጽፉ እንኳ አወጣጥዎ በጤና ምክንያት መሆኑ ይቀርና በተለመደው አካሄድ አበሉን ለማግኘት የጡረታ ዕድሜን መጠበቅ ሊኖርብዎ ነው።

ታዲያ ሁለቱን ወር ሸክም እየተሸከሙ ይግፉ ማለቴ አይደለም። ያንን በጭራሽ አያድርጉ፤ ሕጉም አይጠይቅዎትም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 85 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሕመም ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። አከፋፈሉ በአንቀጽ 86 የተቀመጠ ሲሆን የመጀመሪያው አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። የወሰዱት 12 ቀን ከመጀመሪያው ወር ላይ ስለሚቀነስ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት 18 ቀን ገደማ ይቀርዎታል። የክትትል ቀጠሮዎችም እንደ ሕመም ፈቃድ ከተመዘገቡ ከዚሁ ላይ ይቆጠራሉ።

የዓመት ፈቃድዎንም አይርሱት። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ስለሚጨመር ከ9 ዓመት በላይ ያገለገለ ሰው 20 የሥራ ቀን ይደርሰዋል። ያልተጠቀሙበት ካለ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ 18ቱን ቀን፣ ከዚያ ከግማሽ ደመወዝ ጋር ያለውን ጊዜ ቢያያይዙ መጋዘኑን ሳይረግጡ 10 ዓመቱ ይሞላል። የጡረታ መዋጮ (ከእርስዎ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) የሚሰላው ከደመወዝ ላይ ነው፤ ስለዚህ 10ኛው ዓመት ደመወዝ በሚከፈልበት ወር ውስጥ እንዲሞላ ያድርጉ እንጂ ያለ ክፍያ ባሉት ሦስት ወራት ላይ አይደገፉ። ከዚሁ ጎን ለጎን ወደ ግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሄደው በጡረታ መለያ ቁጥርዎ የተመዘገበውን የቅጥር ቀንና መዋጮ ያረጋግጡ። ከሠራተኛ ተቆርጦ ገቢ ያልተደረገ መዋጮ፣ ከቅጥር ደብዳቤው ዘግይቶ የተመዘገበ ቀን አዲስ ነገር አይደለም። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ሠርተው መዋጮ ከፍለው ከሆነም ያ አገልግሎት ይታሰብልዎታል፤ ምናልባት 10 ዓመቱ ሞልቶ ይሆናል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ብዙ ሰው መብት እያለው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። የሕክምና ማስረጃው መንግሥት ካወቀው የጤና ተቋም የተሰጠ፣ የካርድ ቁጥር፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ ማኅተም ያለው መሆን አለበት። «ዕረፍት ያስፈልገዋል» ብቻ የሚል ወረቀት አይበቃም፤ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ ይጻፍበት። ቀኑ በኢትዮጵያ ነው ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚለውም በግልጽ ይስፈር። ሐኪሙ 5/3 ብሎ በፈረንጆች የጻፈውን የሰው ኃይል ክፍሉ ኅዳር 5 ብሎ ቢያነበው ፈቃድዎ ባልቀሩበት ወር ላይ ያርፍና የቀሩበት ቀን ያለ ፈቃድ መቅረት ተብሎ ይመዘገባል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በጠቅላላው 5 የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት እንደሚችል አይዘንጉ። በታመሙ ማግሥት ለአሠሪው ያሳውቁ፤ መሄድ ካልቻሉ በሰው ይላኩ፣ ኮፒው ላይ «ደርሶናል» አስብለው ያስፈርሙ።

በእጅዎ ያለው «ከባድ ዕቃ አያንሳ፣ ሌሊት አይሥራ» የሚል ደብዳቤ ለዘላቂ ስንብት አይበቃም። አሠሪው በአንቀጽ 28 በጤና ምክንያት ውል ሊያቋርጥ የሚችለው ሠራተኛው በውሉ ያለበትን ሥራ ለዘለቄታው መሥራት ሲሳነው ነው። ያ ደብዳቤ የሚጠቅመው ቀለል ያለ ሥራ ለመጠየቅ ነው፤ ለምሳሌ የመዝገብና የቆጠራ ሥራ በቀን ፈረቃ። አዋጁ ከሥራ ውጭ በመጣ ሕመም አሠሪው ሌላ መደብ እንዲፈልግ በግልጽ አያስገድድም፤ የኅብረት ስምምነታችሁ ግን ሊያስገድድ ይችላልና ከሠራተኛ ማኅበሩ ኮፒ ይጠይቁ። ለጡረታው የሚያስፈልገው የሕክምና ቦርድ (በሆስፒታል የሚሰየም የሐኪሞች ቡድን) ውሳኔ ነው። አሠሪው ወደ ሆስፒታሉ የቦርድ መላኪያ ደብዳቤ እንዲጽፍልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሲቀርቡ የልብ ምርመራ (የኢኮና የኢሲጂ) ውጤቶችን፣ የመድኃኒት ዝርዝሩን፣ ከሁሉም በላይ የሥራ መዘርዝሩን ይያዙ። የሥራ መዘርዝሩ የሚረሳ ወረቀት ነው። ቦርዱ የሚያየው ይህ ልብ ይህን ሥራ ይችላል ወይ የሚለውን ነው፤ መዘርዝሩ «ዕቃ ተረካቢ» ብቻ ካለ የጠረጴዛ ሥራ ሊመስል ይችላል። የሚነሳው ዕቃ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ደረጃ መውጣት፣ የሌሊት ፈረቃ እንዳለው አሠሪው ጽፎ ማኅተም ያድርግበት። የቦርድ ቀጠሮ ሊርቅ ስለሚችል ከዛሬ ይጀምሩ፤ የሕመም ፈቃድዎ ሳያልቅ ውጤቱ በእጅዎ ቢገባ ጥሩ ነው።

ቦርዱ «ለዘለቄታው አይችልም» ብሎ ከወሰነ በኋላ የስንብት ደብዳቤው ከአሠሪው ይምጣ፣ ምክንያቱም በጽሑፍ ይገለጽበት። በአንቀጽ 28 ከተሰናበቱ ከ9 ዓመት በላይ ስላገለገሉ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዎታል። ሒሳብዎ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ የስንብት ክፍያው፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ። የስንብት ክፍያው በየትኛው ደመወዝ እንደተባዛ ደግመው ይዩት። የመጨረሻው ሳምንት በግማሽ ክፍያ ላይ የዋለ ከሆነ በግማሹ ሊያሰሉት ይሞክራሉ፤ በእኔ አረዳድ መሠረቱ የውሉ ደመወዝ ነውና ልዩነቱን በጽሑፍ ይቃወሙ። የሥራ ልምድ ማስረጃም መጠየቅ መብትዎ ነው።

አንድ የምጠይቅዎ ነገር አለ። ሕመሙ ሲጀምርዎ የት ነበሩ? ዕቃ ሲያነሱ ወድቀው ወይም ደረትዎን ይዞዎት ከሥራ ቦታ ተወስደው ከሆነ በአንቀጽ 97 «በሥራው ጊዜ ባደረገው ጥረት» የደረሰ ጉዳትም የሥራ ላይ አደጋ ውስጥ ይገባል። ያ ከሆነ የሕመም ጊዜ ክፍያው እስከ አንድ ዓመት ይሄዳል፤ ለሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዩ ሦስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀረው 6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ። የጉዳት ጡረታውም 10 ዓመት አይጠይቅም። የቫልቭ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የነበረ ስለሆነ ክርክሩ ቀላል አይሆንም፤ የዚያን ቀን የክሊኒክ መዝገብና ያዩ ሰዎች ካሉ ግን ያስቀምጡ።

አሠሪው አልስማማ ካለ የይርጋ ጊዜውን ይጠብቁ። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር፣ ከውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ሠራተኛ በሥራ ክርክር ችሎት ሲከስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ለኃላፊው የሚሰጡት መልስ አጭር ይሁን፤ «በጤናዬ ምክንያት የሕክምና ማስረጃዬን አያይዤ የሕመም ፈቃድ እንዲሰጠኝና ለሕክምና ቦርድ የመላኪያ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ።» «መልቀቅ» የሚል ቃል አይግባበት። በሁለት ኮፒ አትመው፣ አንዱን መዝገብ ቤት አስገብተው፣ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትተው ይዘው ይመለሱ።