«ስታክ አደረገ» ለምትሉኝ ልጆች

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ ተጠጋኝ። «ጋሼ፣ በተኑን ስጫነው መስኮቱ ይነጣና ስታክ ያደርጋል። ኮምፒውተሬ ደክሞ ይሆን?» ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም። ጥያቄው ግን እዚሁ ጎንደር ወደ ነበረ አንድ መድኃኒት ቤት መለሰኝ።

የሽያጭ መመዝገቢያው በፓይተን፣ መስኮትና በተን በሚሠራው ላይብረሪ በቲኪንተር የተሠራ ነበር፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። «መዝግብ» ሲጫን አንድ ፋንክሽን ሽያጩን ዳታቤዝ ውስጥ ይጽፋል፣ ደረሰኙን ወደ ፕሪንተር ይልካል፣ ከዚያ ስሊፕ በተባለው፣ ፕሮግራሙን ባለበት በሚያቆም ትእዛዝ 4 ሰከንድ ይጠብቃል። ፕሪንተሩ ባለሪባን አሮጌ ነበር፣ ጩኸቱ መንገድ ድረስ ይሰማል። ስሊፑ የገባው ለእሱ ሲባል ነው።

ማውዙን የሚሰማው፣ መስኮቱን የሚስለው፣ የእናንተን ፋንክሽን የሚጠራው ያው አንድ ሜይንሉፕ (መስኮቱን የሚያንቀሳቅሰው ዙር) ነው። ፋንክሽኑ እስኪመለስ ሌላው ሁሉ ይቆማል። 5 ሰከንድ ካለፈ ዊንዶውስ መስኮቱን ያነጣዋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ዝም ብሎ የደነዘዘ ይመስላል። ገንዘብ ተቀባይዋ ያልሠራ መስሏት ትደጋግማለች። ጠቅታው ግን አይጠፋም፣ ወረፋ ይይዛል። ፋንክሽኑ ሲመለስ ተራ በተራ ይፈጸማል፤ አንዱ ሽያጭ አራቴ ይመዘገባል። ማታ ካዝናው ከመዝገቡ ያንሳል።

ባለቤቱ ሲጠይቁኝ ኮዱን እንኳ ሳልከፍት «ፕሮግራሙ ደህና ነው፣ ልጅቷን ይጠይቋት» አልኩ። ከደመወዟ ተቆረጠ። ኋላ ተመለሰላት፤ እኔ ግን ይቅርታ ሳልጠይቃት ሥራውን ለቀቀች።

መጀመሪያ ያደረግኩት ጥገና ደግሞ የባሰ ነበር። ስሊፑን አውጥቼ በምትኩ መስኮቱን እንዲያድስ አፕዴት የሚጠራ ዙር አስገባሁ። አፕዴት የተጠራቀመውን ጠቅታ እዚያው ፋንክሽኑ መሀል ያስፈጽመዋል፤ ያላለቀ «መዝግብ» ውስጥ ሌላ «መዝግብ» ይገባል።

ትክክለኛው መንገድ ይኸው፦ ፋንክሽኑ ሲጀምር በተኑን ዲስኤብልድ (የማይጫን) አድርጉት። ስሊፑን ጣሉትና አፍተር በተባለው የቲኪንተር ቀጠሮ ሁለተኛ ፋንክሽን ከ4000 ሚሊሰከንድ በኋላ እንዲጠራ ቀጥራችሁ የመጀመሪያው ወዲያው ይመለስ። የተቀጠረው ሁለተኛ ፋንክሽን በተኑን መልሶ ይክፈተው። ብዙዎች ስሊፑን ሳይነኩ በተኑን መጀመሪያ ላይ ዘግተው መጨረሻ ላይ ይከፍቱታል። ይህ አይረዳም፤ ወረፋ የያዘው ጠቅታ የሚታየው ፋንክሽኑ ካበቃ በኋላ ነውና በተኑን ክፍት ያገኘዋል።

ሥራው በራሱ ረጅም ከሆነ፣ ለምሳሌ ትልቅ ሪፖርት፣ ትሬድ (ከሜይንሉፑ ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ) ያስፈልጋል። ትሬዱ ግን መስኮቱ ላይ ያለ ሌብልም (ጽሑፍ) ሆነ ኢንትሪ (መጻፊያ ሳጥን) አይንካ። ውጤቱን ኪው (የመረጃ ወረፋ) ውስጥ ያስቀምጥ፤ ዋናው መስኮት በአፍተር በየ100 ሚሊሰከንዱ ኪውን ይመልከት። ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ከሆነ ኮኔክሽኑን እዚያው ትሬዱ ውስጥ ክፈቱት፤ ሌላ ትሬድ የከፈተውን ኮኔክሽን ስትጠቀሙ ኤረር ይሰጣችኋል።

የዛሬ ልጆች ትዕግስት የላችሁም። ትንሽ ስታክ ሲያደርግ «ቲኪንተር አርጅቷል» ብላችሁ ወደ ሌላው የመስኮት ላይብረሪ ወደ ፓይኪውት ትሮጣላችሁ፤ እዚያም ያው ሉፕ ነው የሚጠብቃችሁ። እርግጥ ኮድ ሳይከፍት ሰው የከሰሰ ሰው ስለ ትዕግስት ማውራቱ ያስቃል።

ሌሎቹ የቲኪንተር ችግሮች ቀላል ናቸው። መስኮቱ ላይ ያደረጋችሁት ሥዕል የሚጠፋው ፎቶኢሜጁን (የሥዕሉን ዳታ) የያዘው ቫሪያብል ፋንክሽኑ ውስጥ ብቻ ስለሚኖር ነው፤ ሌብሉ ላይ አስሩት። መስኮቱ ገና ሲከፈት ፋንክሽኑ ራሱ ከሮጠ፣ የበተኑ ኮማንድ ላይ ከፋንክሽኑ ስም ቀጥሎ ቅንፍ ጽፋችኋል። በፎር ሉፕ የሠራችኋቸው አሥር በተኖች ሁሉ የመጨረሻውን ቁጥር ከሰጡ፣ ላምዳው (ስም የሌለው አጭር ፋንክሽን) ውስጥ ቁጥሩን በዲፎልት አስይዙት። የነገሮችን አቀማመጥ የሚወስኑትን ፓክና ግሪድን አንድ ፍሬም ውስጥ አትቀላቅሉ። ፕሮግራሙን በፓይኢንስቶለር፣ ለብቻው የሚከፈት ፋይል አድርጎ በሚያሽገው መሣሪያ፣ ያለ ጥቁሩ የኮማንድ መስኮት ስታሽጉት ኤረሩ የሚታይበት ቦታ ስለሚጠፋ፣ ሪፖርት ኮልባክ ኤክሴፕሽን የተባለውን የሩት (የዋናው መስኮት) ሜተድ በራሳችሁ ተክታችሁ ወደ ፋይል ይጻፍ።

የፒያሳው ልጅ ኮድ ውስጥ ስሊፕ አልነበረም። በተኑ ሪኩዌስትስ በተባለው ላይብረሪ ከኢንተርኔት ዋጋ ያመጣል፤ ታይምአውት (የመጠበቂያ ገደብ) አልሰጠውም። ሪኩዌስትስ ካልተነገረው በራሱ ታይምአውት የለውም፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ተገትሮ ይቀራል። 10 ሰከንድ ጻፍንበት፤ ወደ ትሬድ ማውጣቱን የቤት ሥራ ሰጠሁት።